በብሔር ግጭት መካከል የሙስሊም ወገኖቻችን ድርሻና መብት



በሁለት ብሔረሰቦች መካከል ጠብ ተነሥቶ፣ ደም ፈስሶ፣ ቤት ተቃጥሎ ሽማግሌዎች ለእርቅ በሚቀመጡበት ጊዜ፣ በአካባቢው በቁጥር ጥቂት የሆኑ ሙስሊሞች በጉባኤው ውስጥ ምን ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል? ከምእመናን አንዳንዶች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ «ጠቡ የዘር እንጂ የሃይማኖት አይደለም፤ እነርሱም ከዚያው ብሔረሰብ ናቸው፤ ታዲያ ስለ ምን ለብቻቸው ይጠራሉ?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሙስሊሞቹ የሁለቱንም ወገን ጠባይ ስለሚያውቁ፣ ለማስታረቅ ይጠቅማሉና ይጠሩ» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም አስተያየቶች ከቅን ልቡና የመነጩ ይመስሉናል። ሆኖም ሁለቱም ያልተሟሉ መሆናቸውን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ሠፈር ናት። ስሟ ግን የከተማውን ወሰን ይሻገራል፤ የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማን ሲያቋቁም ከክፍለ ከተሞቹ አንዱን ፉሪ ብሎ ሰይሟል። ስለዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ ጎረቤታሞች በሁለት አስተዳደር ሥር ያድራሉ። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው በአንድ እድር ድንኳን ይተክላል፤ በአንድ ገበያ ይሸምታል፤ ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል። የወሰንና የብሔር ክርክር በተነሣ ቁጥር ግን ይህ ሁሉ ሰው «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ ይቀርብለታል፤ አንድ ጊዜ ስለ ብሔሩ፣ አንድ ጊዜ ስለ ሃይማኖቱ።

ጥቂት ማለት ምን ማለት ነው?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 33.9 ያህሉ ሙስሊም ነበር። ከሀገሪቱ ሕዝብ ሲሶውን የያዘን ማኅበረሰብ «ጥቂት» ብሎ መጥራት አስቸጋሪ ነው። ዳሩ ግን በአማራ ክልል የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ 17.2፣ በአዲስ አበባም ከመቶ 16.2 ነበር። በሌላ በኩል በሶማሌና በአፋር ክልሎች ጥቂት የሚባለው ክርስቲያኑ ነው። እኛ ካቶሊካውያን ደግሞ በዚያው ቆጠራ ከመላው ሕዝብ ከመቶ 0.7 ብቻ ነበርን።

ከዚህ የምንረዳው ጥቂትነት የሰው ጠባይ ሳይሆን የሥፍራ ጉዳይ መሆኑን ነው። ዛሬ በደሴ መንገድ ብዙ የሆነ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ሲወርድ ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ለጥቂቶች መብት የሚቆም ሰው ለሌላው ብቻ ውለታ የሚውል አይምሰለው፤ እርሱ ራሱ ነገ በሚቆምበት ሥፍራ የሚዳኝበትን ሕግ እየጻፈ ነው።

ጠቡ የብሔር ብቻ ነውን?

አሁን ወደ መጀመሪያው አስተያየት እንመለስ። ጠቡ የብሔር ከሆነ የሃይማኖት ወኪል አያስፈልግም የሚለው አነጋገር በወረቀት ላይ የተቃና ይመስላል። በምድር ላይ ያለው እውነት ግን ከዚህ ይለያል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንና የሰሜን ሸዋ ዞን በሚጎራበቱበት አካባቢ በ2011 ዓ.ም. ግጭት ተነሥቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ እጅግ ከፍቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ የአጣዬ ከተማም አብዛኛው ክፍል ወደመ። በከሚሴና በአካባቢው የሚኖረው ኦሮሞ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በሰሜን ሸዋ የሚኖረው አማራ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። በመካከላቸው ግን በብሔሩ አማራ፣ በሃይማኖቱ ሙስሊም የሆነ ብዙ ሰው ይኖራል። ይህ ሰው በትውልድ ከአንደኛው፣ በስግደት ከሁለተኛው ጋር ነው። በሰላም ቀን ከሁለቱም ጋር ይበላል፤ በጠብ ቀን ግን አንደኛው ወገን «ከእነዚያ ጋር ይሰግዳል» ብሎ፣ ሁለተኛው «ከእነዚያ ወገን ነው» ብሎ ይጠረጥረዋል።

እንዲህ ያለው ሰው በጉባኤው ላይ «ብሔርህ ወክሎሃል» ሊባል ይችላልን? ወክሎታል የሚባለው ወገን እርሱን በሙሉ ልብ ሲያምነው አይደለምን? ባልታመነበት ስም መወከል አለመወከል ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የብሔር እሳት ወደ ሃይማኖት፣ የሃይማኖት እሳትም ወደ ብሔር ለመዝለል ጊዜ አይፈጅበትም። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሙስሊሞች የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣው ጥቃት ብዙ ነፍስ ጠፋ፤ በቀናት ውስጥም እጅግ ርቆ በሚገኘው በስልጤ ዞን በወራቤ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ያጠፋው አንዳች ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊትም በ2010 ዓ.ም. ክረምት በጂግጂጋ፣ በፖለቲካ ምክንያት በተጀመረው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ካህናት ተገድለዋል። እንግዲህ ጠቡ በሃይማኖት በር ሊገባ እንደሚችል እያወቅን፣ እርቁ በዚያ በር እንዳይገባ መዝጋት ማስተዋል የጎደለው ሥራ ነው።

ስለ አስታራቂነታቸው

ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። በእርግጥም በሀገራችን የሙስሊም ሽማግሌዎች በብሔረሰቦች መካከል ሰላም በማውረድ ታላቅ ታሪክ አላቸው። ለዚህ የወሎ አበጋሮች ምስክሮች ናቸው። አበጋር በሕዝብ ዘንድ ምርቃቱም እርግማኑም የሚፈራ፣ አስታራቂነቱን አብዛኛውን ጊዜ ከአባቶቹ የወረሰ ሽማግሌ ነው። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በግጦሽ፣ በውኃ ወይም በደም በሚጣሉበት ጊዜ አበጋሩ በመካከል ይገባል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ የገዳይና የሟች ወገኖች ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል። በዚህ ሥርዓት ሼኩና ቄሱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ሦስቱ ሕዝቦች ሳይፈራሩ የሚገናኙት የጸጥታ ኃይል ስላለ ብቻ አይደለም፤ ከገበያው ጀርባ የቆየ የሽምግልና ሥርዓት ስላለ ጭምር ነው።

ይህን ስንናገር የሥርዓቱን ወሰን መዘንጋት አይገባንም። የአበጋሩ ቃል የሚሠራው ተጣይዎቹ በሚያውቁትና በሚያከብሩት ክልል ውስጥ ነው። የጦር መሣሪያ ታጥቆ ከሩቅ ለሚመጣ ቡድን የአካባቢ ሽማግሌ እርግማን አያስፈራውም። ብዙውን ጊዜም ሴቶች ጉዳታቸውን ራሳቸው ቀርበው የሚናገሩበት ወንበር በዚህ ሸንጎ አልነበረም። ስለዚህ ሽምግልናው የመንግሥትን ፍትሕ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

መብት የውለታ ዋጋ ነውን?

የሁለተኛው አስተያየት ዋና ጉድለት ግን ሌላ ነው። «ሙስሊሞቹ ድልድይ ናቸውና እንጥራቸው» ስንል፣ በጉባኤው የመቀመጥ መብታቸውን በሚሰጡት ጥቅም ላይ መሠረትነው ማለት ነው። ታዲያ ማስታረቅ ያልቻሉ ዕለትስ? ወይም ራሳቸው ተበድለው ለማስታረቅ ልብ ባጡ ጊዜስ? ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «አንተ ድልድይ ነህና ዝም ብለህ አሻግረን» ማለት ይቻላልን? ድልድይን ሁሉ ሰው ይረግጠዋል፤ ደክሞት እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። ሰውን በዚህ ስም ብቻ መጥራት፣ በምስጋና ቃል ተሸፍኖ የሚመጣ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ከዚህ የጠለቀ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ ይህ መብት በሰው ልጅ ክብር ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስተምሯል። መንግሥት ይህን መብት ይጠብቀዋል እንጂ አይፈጥረውም፤ ብዙኃኑም በቸርነት የሚሰጡት ስጦታ አይደለም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የወጣው ክርስቲያን ካልሆኑ ሃይማኖቶች ጋር ስላለን ግንኙነት የሚናገረው መግለጫም ሙስሊሞችን በአክብሮት አንሥቶ፣ ያለፈውን ጠብ ትተን ለማኅበራዊ ፍትሕ፣ ለሰላምና ለነፃነት አብረን እንድንሠራ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስና የአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ በአቡ ዳቢ የፈረሙት የሰብአዊ ወንድማማችነት ሰነድም የዜግነትን እኩልነት አጥብቆ ያነሣል፤ «ጥቂቶች» የሚለው ቃል ሰውን ለማግለል መሣሪያ እንዳይሆንም ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል አለብን። መብቱ ይቀድማል፤ ድርሻው ይከተላል። ሙስሊሙ ወገናችን በእርቁ ጉባኤ የሚቀመጠው ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ስለሆነ ነው። ከተቀመጠ በኋላ ቢያስታርቅ ምስጋና ይገባዋል፤ ባያስታርቅ ግን ወንበሩ አይወሰድበትም።

የትኞቹ መብቶች?

መብት የሚለውን ቃል በጥቅሉ መናገር ቀላል ነው። ከያዝነው ጉዳይ ጋር የተያያዙ አራት መብቶችን ለይተን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው የመሰማት መብት ነው። በእስልምና ትውፊት እንደሚተረከው፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱ ጥቂት ሙስሊሞች ወደ ሀገራችን ሲመጡ፣ አሳዳጆቻቸው መልእክተኞችን ከነስጦታቸው ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ለመኑ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን የስደተኞቹን ቃል ሳይሰማ አልፈርድም አለ፤ ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ንጉሡ ለእንግዶች ማዘኑ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ መፍረዱ ነው። ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው የነጋሽ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጉዳት ደርሶበት ማየታችን ሁላችንንም ሊያሳዝነን ይገባል።

ሁለተኛው ወኪልን ራስ የመምረጥ መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአወሊያ የተነሣው የሙስሊሞች ጥያቄ ዋና ነጥብ ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት ነፃ የሆነ የመጅሊስ ምርጫ ነበር። ሕዝቡ ጉዳዩን በሰላም እንዲያቀርቡለት የመረጣቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በዚያው ዓመት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ረዥም የእስራት ቅጣት ተፈረደባቸው፤ የመጨረሻዎቹም የተፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሌላ ሰው የመረጠለት ወኪል ቢፈርም ሕዝቡ በፊርማው አይታሰርም። እንዲህ ያለ እርቅ ከፈራሚዎቹ ጠረጴዛ አያልፍም።

ሦስተኛው የጸሎትና የመቃብር ሥፍራ መብት ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው በሚል መስጊዶች ሲፈርሱ፣ በአዲስ አበባ በታላቁ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መንግሥት የከተማን ፕላን የማስጠበቅ ሥልጣን አለው። ይሁን እንጂ ጥቂት የሆነ ማኅበረሰብ ሕጋዊ ቦታ ለማግኘት ዓመታት የሚጠባበቅ ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ የሠራውን ብቻ ማፍረስ የፍትሕ ግማሽ ነው። ቦታ የማግኛው መንገድ ለሁሉም እኩል መከፈት አለበት። ጥቂት ሆኖ ለጸሎት ቤት የሚሆን ቦታ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ እኛም ካቶሊካውያን እናውቀዋለን።

አራተኛው በሀገርና በብሔር ሙሉ ባለቤት የመሆን መብት ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲታዘዙ፣ የዚያ ዘመን ፖሊቲካ ሃይማኖትንና ዜግነትን አንድ አድርጎ ነበር። ያ ፖሊቲካ እኛንም አልማረንም፤ የካቶሊኩ ጳጳስ ጉሌልሞ ማሳያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሀገር ተባርረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሕግ ሰውነት ሲሰጥ፣ የሌሎችን ሃይማኖቶች ጉዳይ ለልዩ ሕግ ትቶት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለእኩልነት በአዲስ አበባ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት አረጋግጧል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ግን በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው። ከፍትሐ ብሔሩ ሕግ እስከዚህ አዋጅ ድረስ ስድሳ ዓመት አልፏል። ይህን ያህል የጠበቀ ማኅበረሰብ «ሀገሩ የእናንተም ነው» ሲባል ወዲያው ባያምን አያስደንቅም።

ከሐዋርያት ሥራ የምንማረው

ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የዚህ ዓይነት ጠብ በገጠማት ጊዜ ምን አደረገች? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም በነበረው የመጀመሪያው ማኅበር ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ፤ መበለቶቻቸው በዕለታዊው ማዕድ እየተዘነጉ ነበርና። ነገሩ የቋንቋና የወገን ጠብ ነበር፤ ምክንያቱም የዕለት እንጀራ ነበር። ሐዋርያት «ሁላችሁም በክርስቶስ አንድ ናችሁ፤ ማጉረምረሙን ተዉት» ብለው አላለፉትም። የመላውን ማኅበር ጉባኤ ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ስንመለከት ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ አንዱም የአንጾኪያ ሰው ሆኖ ከአሕዛብ ወደ አይሁድ እምነት የገባ ነበር። ብዙኃኑ የማዕዱን አደራ ለተበደሉት ወገኖች ሰጡ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ስናሰላስል አንድ ነገር እንረዳለን። አንድነትን መስበክ ብቻውን በደልን አይሽርም። የተዘነጋ ሰው አንድነቱን የሚያምነው አደራ ሲሰጠው ነው።

ግዴታውስ?

መብትን ብቻ ተናግረን ብናበቃ ሚዛናችን ይጎድላል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሰላም በጻፉት መልእክት፣ መንግሥታት የጥቂቶችን ኑሮ፣ ቋንቋና ባህል ሊያሻሽሉ እንደሚገባ ካሳሰቡ በኋላ፣ ጥቂቶቹም በበኩላቸው የራሳቸውን ልዩነት ከመጠን በላይ እንዳያጎሉ መክረዋል። ስለዚህ በጉባኤው የተቀመጠ ሙስሊም ሽማግሌ የራሱን ወገን ጥፋት መሸፈን የለበትም፤ የወራቤና የጂግጂጋ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ እንደ ሞጣው ሁሉ ሊያዝን ይገባዋል። እኛም በበኩላችን የጎንደርና የሞጣ ጥፋት ሲነሣ «ያደረጉት ሌሎች ናቸው» ብለን ልንሸሽ አይገባንም።

«እንዲህ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥቂት ወገን ወንበር ስንሰጥ ጉባኤው ማለቂያ የለውም» የሚል ሰውም አይጠፋም። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው፤ ወንበር የሚገባው በስም ለተለየ ሁሉ ሳይሆን፣ ግጭቱ ለይቶ ለጎዳው ወይም ለይቶ ሊጎዳው ለሚችለው ነው። መለኪያው ጉዳት ከሆነ ዝርዝሩ አይበዛም። በአንድ ግጭት ሙስሊሙ፣ በሌላው ክርስቲያኑ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው ሊሆን ይችላል።

በየሠፈራችን

የሀገር አቀፉ ጉዳይ የራሱ መድረኮች አሉት። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከተመሠረተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ከአባላቱ አንዷ ናት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቁሟል። በእነዚህ መድረኮች የሚደረገው ንግግር ግን በየሠፈሩ ሥር ካልያዘ ፍሬ አይሰጥም።

ስለዚህ በፉሪም ሆነ በሌሎች ቁምስናዎች ያላችሁ ምእመናን፣ የእድር ዳኛ ስትመርጡ፣ የሠፈር ሰላም ኮሚቴ ሲዋቀር፣ የወሰን ወይም የቦታ ክርክር ተነሥቶ ሽማግሌ ሲሰየም ሦስት ነገር ጠይቁ። ግጭቱ ቢነሣ መጀመሪያ የሚፈራው ማን ነው? እርሱ በዚህ ጉባኤ አለን? ካለስ የመረጠው ራሱ ወገኑ ነው ወይስ እኛ? የስብሰባው ቀንና ሰዓት ከጁምዓ ስግደት ጋር እንዳይጋጭ ማየትም ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ከመጥሪያ ወረቀት በላይ የሚናገር አክብሮት ነው።

ጌታችን ስለ ሰላም የሚደክሙትን ብፁዓን ብሎ ሲጠራ ብዙኃንና ጥቂት ብሎ አልለየም። ደጉ ሳምራዊም በመንገድ የወደቀውን ሰው ባነሣ ጊዜ ከተናቀው ወገን ነበር። እኛ ግን ጎረቤታችን የተከበረ ወንድማችን መሆኑን ለማወቅ በመንገድ ወድቀን እርሱ እስኪያነሣን መጠበቅ አይገባንም። የሰላም አምላክ ልቡናችንን ለፍትሕ ያነሣሣልን፤ ሀገራችንንም ይጠብቅልን። አሜን።